እግሩ የታሰረው ዶሮ

ይድረስ ለልጄ ለገበያው፤ በሰው አገር እንደምን ከረምህ? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን አለሁ። ሩዙ ዘንድሮ አምሯል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

እህትህ ሰገን ከተዳረችበት ከአንበሳሜ፣ ውዳሴ የምትባል ተማሪ መጥታ ነበር። ጥናት መጀመሯ ነው፤ ሌሎች ጠይቀው ዩኒቨርሲቲ ያስቀመጡትን የሰው ቃል እንደገና ታነባለች። «እማማ፣ ሸክላ ሠሪነቷን ደብቃ ልጇን ለገበሬ ቤት የዳረች ሴት እዚህ ያውቃሉ? ስሟ ተሰርዟል፤ ቦታው ግን ወረታ አጠገብ ይላል» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኋት።

ገበያው፣ እኔ ያንን ያጫወትሁት ልጄን ነበር። «ለትምህርቴ ነው፣ ከእኔ አይወጣም» አላልኸኝም? ስሜን ሰርዘህ ጓዳዬን ከፍተህ ሰጠሃቸው! ልጅቱ ምን ታድርግ፣ ያገኘችውን አነበበች። የሰገን አማቶች ጎረቤት ለሆኑት ለአንበሳሜ ዘመዶቿም ገርሟት አጫውታቸዋለች።

ሰገን ደህና ሳትሆን አትቀርም፤ ስልክ አታነሳም እንጂ። ለእንቁጣጣሽ የላክሁላት ዶሮ ትናንት እግሩ እንደታሰረ ተመልሶ መጣ። ያመጣው ሰው ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።

አንተን እግዜር በሄድህበት ይጠብቅህ። ስሜን አልጽፍም፤ አንተው ሰርዘኸዋል።

እናትህ