ለአባባ የመረጥኩት ማጫወቻ

አቃቂ፣ ማክሰኞ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ኡሙልኸይርስ ደህና ናት? የጥቅምት ብርድ ወራቤ ላይ እንዴት ይዟችኋል? ነቢል ትምህርት ጀመረ ወይ? የላክህልኝን ፎቶውን ደጋግሜ አያለሁ። ግንባሩ የአባባ ነው፤ ጆሮው ግን ከእናቱ ወገን መሆን አለበት፣ በእኛ ቤት እንደዚያ ያለ ቆንጆ ጆሮ የለም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባባን ሳነሳና ሳስተኛ ወገቤ ትንሽ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለጋት ትል ይሆናል። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። «ሄሎ» ስትል ድምፅህን እሰማና ስለ ልጁ፣ ስለ ብርዱ ጠይቄህ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት መሀል ላይ አያቋርጥም፣ መልሶም አይጠይቅም።

አባባ ከወደቀ ዓሥራ አንድ ወር ሆነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ እንደነገርኩህ ናቸው፣ አልተመለሱም። የባሰው ግን አፉ ነው። የሚያስበው ሁሉ እንዳለ አለ፣ ዓይኑን ስታይ ታውቃለህ። ውሃ ፈልጎ ትራስ ያቀረብኩለት እንደሆነ ይቆጣል። ቃሉ ብቻ አይወጣለትም። «እ... እ...» ይልና እንባው ይመጣል። እኔም ያላየሁ መስዬ ብርድ ልብሱን አስተካክላለሁ።

ሐኪም ቤት እጁን የምታሠራው ልጅ አደሴ ትባላለች። አንድ ቀን ስንመለስ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ ንግግር የጠፋበት ሰው አንዳንዴ ዘፈን አይጠፋበትም አለችኝ። በጉብዝናቸው ይወዱት የነበረውን አሰሚያቸው፤ ግን በስልክሽ አይሁን፣ የራሳቸው የሆነ፣ ሲፈልጉ የሚከፍቱት ሲፈልጉ የሚዘጉት ማጫወቻ ግዢላቸው፤ ሁሉ ነገር በሰው እጅ የሆነበት ሰው ዘፈኑ እንኳን በእጁ ይሁንለት አለች። ይህች ነገር ልቤን ነካችው። በማግስቱ ልገዛ ወጣሁ።

መጀመሪያ ሁለት ሱቅ ገባሁ። አንደኛው አውራ ጣት የምታክል፣ ኢርፎን የሚሰካባት ነገር አወጣልኝ፤ ጽሑፏን ለማንበብ እኔም ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ። ሁለተኛው ሲከፈት ዙሪያውን ቀይና ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት ሳጥን ጎትቶ አመጣ። ለታመመ ሰው ነው ስለው «ደስ ይላቸዋል እኮ!» አለኝ። ወጣሁና መንገዱ ላይ ቆምኩ። ከዚያ የት እንደገባሁ ብነግርህ አታምነኝም። ሀይረዲን ሱቅ ገባሁ።

አዎ፣ የኡሙልኸይር አጎት ዘንድ። እናንተ ከሄዳችሁ ስምንት ዓመት ሙሉ አባባ በዚያ ሱቅ ፊት አልፎ አያውቅም። ባጃጅ ሲይዝ እንኳን በላይኛው መንገድ አዙረኝ ይል ነበር። እኔም አምፑል ለመግዛት ቃሊቲ ድረስ እሄድ ነበር፣ በአምፑል ምክንያት ነገር እንዳይነሳ ብዬ።

ሀይረዲን ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። «ለአባቴ» አልኩት። «የትኛው እጃቸው ነው የሚሠራው?» አለኝ። ግራው ነው አልኩ። ወንድም ጋሼ፣ ሰውየው ምን እንዳደረገ ልንገርህ። ቀኝ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተና፣ ከመደርደሪያው ያወረዳቸውን አንድ በአንድ በግራ እጁ ብቻ መክፈትና መዝጋት ጀመረ። አንዷ ቁልፏ ጠነከረበት፣ ወደ ጎን አደረጋት። አንዷ ሲጫናት ጠረጴዛው ላይ ተንሸራተተች፤ «ይቺ ሁለተኛ እጅ ትፈልጋለች» ብሎ መለሳት። አንዷን ዓይኑን ጨፍኖ ሞከራትና ድምፅ እጨምራለሁ ብሎ ዘጋት። ደንበኛ ሲገባ እንኳን ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም። በመጨረሻ ግማሽ ጡብ የምታክል፣ አመድማ፣ ከሥሯ ጎማ ያላት ማጫወቻ አገኘን። ቁልፎቿ ትልልቅና ክብ ናቸው፣ በጣት ዳብሰህ ትለያቸዋለህ። ሚሞሪ ትቀበላለች፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ሁለት ቀን ትቆያለች። እሷን መረጥን። መረጥን የምልህ እውነትም አብረን ስለመረጥናት ነው።

ስለ እናንተ አንድ ቃል አላነሳብኝም። ልወጣ ስል ብቻ «ሰላም በይልኝ አልልሽም፣ ይቆጡ ይሆናል። እኔ ግን ዱዓ አደርግላቸዋለሁ» አለኝ።

ሚሞሪው ላይ የድሮ የኦሮምኛ ዘፈኖች ጭኖልኝ ነበር። አባባ አንዱንም አልወደደው። ስከፍትለት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አራተኛው ቀን ላይ በግራ እጁ ገፍቶ ከአልጋው ላይ ጣላት። ጎማው ባይኖራት አልቆላት ነበር። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። በማጫወቻዋ አይምሰልህ፤ ዓሥራ አንድ ወር ሳላለቅስ ቆይቼ በዚያች ሰበብ ወጣልኝ እንጂ።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ካሴቱ ትዝ አለኝ። አንተ ዓሥር ዓመትህ ነበር፣ እኔ ስድስት። ባቡር ላይ ይሠራ የነበረው አጎታችን ቴፑን አውሶህ፣ አባባ አውድማው ላይ ጤፍ ሲያበራይ የቀዳኸው። ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ፎቅ የተደረደረበት ቦታ ማለቴ ነው። አባባ «ዕቃውን ሁሉ አውጥተሽ ጣይ» ሲለኝ ያልጣልኩት አንድ ሳጥን አለ። ልብሶችህ ሥር አገኘሁት፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «የአባባ» ብለህ ጽፈህበታል።

ሀይረዲን ዘንድ ወሰድኩት፤ ክሩ መበጠሱን አሳየኝ። ሦስት ቀን ፈጅቶ ቀጠለውና ከጓዳ አሮጌ ቴፕ አውጥቶ ወደ ሚሞሪው ገለበጠልኝ። ሲሰጠኝ «ስገለብጠው ሰማሁት። ሳቁ አልተለወጠም» አለኝ። ያንተን ሳቅ ማለቱ ነው።

እሑድ ከቀትር በኋላ አባባን በትራስ ደግፌ አስቀምጬ ከፈትኩለት። መጀመሪያ ነፋሱ ተሰማ። ከዚያ የበሬዎቹ ኮቴ ጭዱ ላይ። ከዚያ አባባ፣ በዚያ በድሮው ድምፁ ዳማውን በሬ እያሞገሰ። አንተ ትቀበለዋለህ፣ ትስታለህ፣ ትስቃለህ። «አንተ፣ በሬው ይታዘብሃል» ይልሃል፣ አንተም የባሰ ትስቃለህ።

አባባ ዓይኑን ከማጫወቻዋ ላይ አልነቀለም። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ቃል ወጣው። እውነቴን ነው፣ «እ» ብቻ ሲል የከረመ አፍ የበሬውን ስም ከነማሞገሻው አወረደው። እኔ የያዝኩትን ሳህን መሬት አስቀምጬ እዚያው ተቀመጥኩ። አንተ የምትቀበልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። አንተን ይጠብቅሃል። ስትቀበለው ፊቱ ይፈታል፣ ከዚያ እሱ ይቀጥላል። ሲያልቅ በግራ አውራ ጣቱ ቁልፏን ዳብሶ ከመጀመሪያው ይመልሳታል። ስንት ጊዜ እንደመለሳት አላውቅም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዘጋት። የደከመው መስሎኝ ላስተኛው ስነሳ ስምህን ጠራ። ያለ ዘፈን። ልጅ ሆነህ ይጠራህ እንደነበረው አሳጥሮ፣ ጥርት አድርጎ። ከዚያ ወደ በሩ አየና «ኮቱ» አለ። ና ብሎሃል፣ ወንድም ጋሼ። ሙስሊም አገባህ ብሎ «ልጄ አይደለም» ያለው ሰውዬ፣ ካገኛቸው ጥቂት ቃላት አንዱን ለዚህ ነው ያወጣው።

አሁን መጻፍ ወደማልወደው ደረስኩ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ ደውለህ «ስልኩን ስጪው፣ ድምፁን ልስማ» ብለኸኝ ነበር። «ቆይ ልጠይቀው» ብዬህ ወጣሁ። አባባ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የተላቀቀ የወንበር እግር ያጠብቃል። ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላልኩትም። ባልዲውን ካለበት አንስቼ እዚያው መልሼ አስቀመጥኩና ገባሁ፤ «አላናግረውም አለ» አልኩህ። አባባ እንዲህ አላለም። አልጠየቅኩትም። አሁን አሁን ሳስበው ቀና ብሎ ያየኝ ስልኩ ሲጮህ ሰምቶ ይመስለኛል።

ሲወድቅም ደወልኩልህ። «ልምጣ?» ስትለኝ «አንተን ካየ ደሙ ከፍ ይላል፣ ሐኪሙ ከልክሏል» አልኩህ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣውም።

ምክንያቱን ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ። ሮሪሳን ታስታውሰዋለህ፣ ያ የጭነት መኪና የሚነዳው። ሁለት ዓመት ጠብቆኛል። አባባን ለማን ትቼ ልምጣ ብዬ መለስኩት። አሁን አዳማ ነው ያለው፣ ሁለት ልጆች ወልዷል። አንተ የወደድካትን ይዘህ ሄድክ፣ እኔ ቀረሁ። በአንዲት ስልክ ከታረቃችሁ የእኔ መቅረት ምን ሊባል ነው? ያሰብኩት ይህንን ነው። ስጽፈው ራሴን አስጠላኝ፣ ግን ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ቃል በአፉ እያለ ልትሰማው የሚገባህን እኔ ነኝ ያስቀረሁብህ።

ስለዚህ ና። ፈቃድ እስኪሰጡኝ፣ ወሩ እስኪያልቅ አትበል። ሲነጋ ትራሱን ወደ በሩ እንዳዞርለት ያመለክተኛል፤ እኔም አዞርለታለሁ።

ሐሙስ

ማክሰኞ የመድኃኒቱ ሰዓት ደርሶ ደብዳቤውን ሳልዘጋው ተነሳሁ። ትናንት ልጨርሰው ስል እንግዳ መጣ። ሀይረዲን ነው፤ ማጫወቻዋ በደንብ ትሠራ እንደሆነ ልይ ብሎ እስከ በሩ መጥቶ ቆመ። ገብቼ «አባባ፣ ሀይረዲን ሊያይህ መጥቷል፣ ይግባ?» አልኩት። በዚህ ጊዜ ጠየቅኩ። አባባ ረጅም ጊዜ ጣሪያውን ሲያይ ቆይቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ሀይረዲን አልጋው አጠገብ በርከክ ብሎ «እንዴት ነዎት አባቴ?» አለው። አባባ ግራ እጁን ዘረጋለት። ከያዘው በኋላ አልለቀቀውም። የሰላት ሰዓት ሲደርስ እኔ ነኝ ጣቶቹን ቀስ አድርጌ ያስለቀቅኩት። ከዚያ አባባ አጥሚት ጠጣ፣ ከወትሮው የበለጠ ጠጣ። ሸሚዝ እንድቀይርለት አመለከተኝ፤ ነጩን ነው የመረጠው። ደህና ተኛ።

ዛሬ ማለዳ ትራሱን ላዞርለት ገባሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው በወረቀት አይጻፍም፤ አንተም ታውቃለህ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ሀይረዲን ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ጂራታና የዕድራችን ዳኛም አብረውት አሉ። ቡታጅራ አድረው ጎህ ሲቀድ እናንተ ዘንድ ይደርሳሉ። በሩን ሲያንኳኩ በቆምክበት እንዳታነጋግራቸው፣ አስገብተህ አስቀምጣቸው፣ አንተም ተቀመጥ ልልህ ነበር። ግን ደብዳቤውን አስቀድመው እንዳይሰጡህ አደራ ስላልኳቸው፣ ይህንን ስታነብ ተቀምጠሃል፣ ኡሙልኸይርም አጠገብህ ናት።

እስክትደርስ ማንም ምንም እንዳያደርግ ለምኛለሁ፣ እሺ ብለውኛል። በሀይረዲን መኪና ተመለስ፣ ራስህ አትንዳ። ኡሙልኸይርና ነቢልም ይምጡ። ማን ምን ይል ይሆን ብላ እንዳትቀር። ሴቶቹ መሀል ከእኔ አጠገብ ነው የምትቀመጠው፣ ቦታዋን ይዤላታለሁ። ከአስፋልቱ ስትወርዱ አግዳሚው ሁሉ ሰው ሞልቶበት ታገኛላችሁ፤ ልጁን እጁን ያዙት።

ይቅርታ አሁን አልጠይቅህም። በዛሬ ቀን ብጠይቅህ ለቀኑ ስትል እሺ ትለኛለህ፤ እንደዚያ ያለ ይቅርታ አልፈልግም። የምለምንህ ሌላ ነው። ስትመጣ ሰው ፊት ፊትህን አታዙርብኝ። ለሰው ዓይን ብለህ እንኳን ቢሆን እቀፈኝ። ሰዉ ሲበተን፣ ወንበሩ ተነስቶ ቤቱ ለአንተና ለእኔ ብቻ ሲቀር፣ ያኔ ያለህን ሁሉ በለኝ። አንዲት ቃል አልመልስልህም፣ ተቀምጬ እሰማሃለሁ።

መንገዱን ያቅናላችሁ። ለኡሙልኸይር ጉልበቱን ይስጣት። ነቢልንም ድምፁን የምትሰማው፣ ድምፅህን የሚሰማ ልጅ አድርጎ ያሳድግልህ።

ቤት የምትጠብቅህ፣
ታናሽ እህትህ