ጅራቷን ቀድሜ አነሳሁ

ለምወድሽ እናቴ ይድረስ።

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ሳልሽ ተሻለሽ? ስለ እኔ አታስቢ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠያቂም አላጣሁም። አንገቴንም ማዞር ጀምሬያለሁ። የአደጋውን ነገር ከሰው አፍ ከምሰማው አንድ በአንድ አንተው ጻፍልኝ ብለሽኛል። እሺ።

የእርሻ መድኃኒት የምረጭባት አውሮፕላን ትንሽ ናት፤ ከፊት ሁለት ትልልቅ ጎማ፣ ከጅራቷ ሥር የእጅ ጋሪ ጎማ የምታክል አንዲት ትንሽ ጎማ አላት። መሬት ላይ ሆና አፍንጫዋን ስለምትሰቅል ፊት ለፊት አይታይም። ለመነሳት ስትሮጥ መጀመሪያ ጅራቷ ከመሬት ይለቃል። ያኔ መንገዱ ይታያል፤ ግን ያኔውኑ አፍንጫዋ ወደ ግራ ይስባል። የምትያዘው በእግር ነው። የቀኙን መርገጫ ጫን፣ ለቀቅ፣ ደግሞ ጫን። ልጅ ሳለሁ እግርህ አያርፍም እያልሽ ትቆጪኝ አልነበር? ያ እግር ነው ሲያበላኝ የኖረው።

ሽማግሌው መካኒካችን፣ ጅራቷን ራሷ ታንሳ፣ አትቸኩልባት፣ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይለኝ ነበር። የዚያን ቀን ነፋሱ ከግራ ነበር። ሜዳው ላይ ላም ያየሁ መሰለኝና፣ ፊት ለፊቴን ለማየት ስል መሪውን ገፍቼ ጅራቷን ቀድሜ አነሳሁ። ገና ፍጥነት አልያዘችም። ወደ ግራ ዞረች። ቀኙን ረገጥኩ፤ ዘግይቼ ነበር። ስለዘገየሁ አብዝቼ ረገጥኩ፤ አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ተወረወረች። ከዚያ ወዲያ እሷ ነዳችኝ እንጂ እኔ አልነዳኋትም። ክንፏ መሬት መታ፤ ቦይ ውስጥ ገባን። ላም የመሰለኝም ባዶ ጆንያ ነው አሉኝ።

መካኒኩ መጥቶ አልጋዬ አጠገብ ኮፍያውን ሲጠመዝዝ ቆየ። ስደበኝ እንጂ አልኩት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብሎ ብርቱካን ልጦልኝ ሄደ። ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ። አልመጣልኝም እማዬ። ሁሉም ነገር የጎረቤት ወሬ ሆኖብኛል።

ነርሷ ደግ ናት። ጠዋት ጠዋት ውስጥ እግሬን በብዕር ጫፍ ትኮረኩርና ፊት ፊቴን ታያለች። እንዳታዝን ብዬ እስቃለሁ።

ደጄ ላይ ቆመህ ካላየሁህ አላምንም ብለሻል። እመጣለሁ። አንቺ ግን ወደዚህ አትምጪ፤ መንገዱ ያደክምሻል። ይልቅ ለግንበኛው ወንድሜ ንገሪልኝ፤ የደጁን ደረጃ በሲሚንቶ ሞልቶ ተዳፋት ያድርገው። ለጉልበትሽ ነው፤ ደረጃ መውጣት ከበደኝ ስትዪ ሰምቻለሁ። ቁልቁለቱ ለስለስ ያለ ይሁን፣ ሰፋ አድርጎ ይሥራው። የበሩንም መቃን ቢያሰፋው ጥሩ ነው። ለእናቴ ጉልበት ይህ ሁሉ ስፋት ምን ያደርጋል ካለሽ ዝም በይው። ሲለካው ይገባዋል።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ክፉ አይንካሽ። ሁለቱንም ጉንጭሽን ስሜያለሁ።

የበኩር ልጅሽ