ዘሃራ የሳለችው ጀርባዬ

ጅጅጋ፣ ኅዳር 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ዛሬ በቀበሌው አዳራሽ የአእምሮ ዘገምተኛ ልጆች ሥዕል ታየ። ልስቅባቸው ሄጄ ላብ አጠመቀኝ።

የልብስ ሰፊው ልጅ ዘሃራ አትናገርም። ባለፈው ሳምንት በቀበሌው ሊቀመንበር ፎቶ ላይ በከሰል ቀንድ ሳበቅልበት ከኋላዬ ቆማ ታየኝ ነበር። «አንቺ ደግሞ ለማን ልትነግሪ!» ብዬ ዞሬ ምላሴን አወጣሁባት። ለካ ሁሉንም ስላዋለች! ፎቶው አለ፣ ቀንዱ አለ፣ ከጀርባው የተቀደደው ሸሚዜም አለ። ፊቴ ብቻ አይታይም። ዛሬም ያንኑ ሸሚዝ ስለለበስኩ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

ሊቀመንበሩ ሥዕሉን አይቶ አብዮት ጥበቃዎቹን ጠራ። ለዘሃራም ወረቀት ሰጣትና «በይ የኔ ልጅ፣ ፊቱንም ሳይልን» አላት።

ዓይኑን ስትጀምር ሹልክ ብዬ ወጣሁ። አፍንጫውን ግን ቀድማ ጨርሳዋለች። አቦ፣ የኔው አፍንጫ ነው።