ዋርካችንን ገበያ ላደረጉልን ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ዎራቾት፣ የከተማችን የጉብኝት ማስፋፊያ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ደህና ናቸው? በተለይ እንቅልፍዎ? ይህን ያህል አጥብቄ የምጠይቀው ለወግ ብቻ አይደለም። ምክንያቱን ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው ካነበቡት ያገኙታል። አንድን ነገር እስከ መጨረሻው የማንበብ ልማድ ከሌለዎት ደግሞ ጸሐፊዎ ያንብብልዎት።

ስሜ ኢንካም ነው። ዘመዴ ያልሆነው ሁሉ ሉንግ፣ አጎታችን፣ ይለኛል። የዋርካው ሰፈር ሰው ነኝ፤ ብስክሌት ስጠግን አረጀሁ። ማንበብ የተማርኩት ዓሣ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ የፈረንጆቹን ቋንቋ ከሬዲዮ ነው የለቀምኩት። በዚህ ምክንያት የተማረ ሰው የጻፈው ነገር አልገባኝ ሲል መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሴን ነው። ክፍልዎ አሳትሞ በየእንግዳ ማረፊያው በነጻ ያደለውን ካርታም በዚሁ ልማዴ መነጽሬን ጠርጌ ደጋግሜ አየሁት። ሦስተኛው መጎብኛ ላይ የሰፈራችን ዋርካ ተሥሏል። ከሥሩ «የአሮጌ ዕቃ ገበያ፤ ሌላ ቦታ የማይገኙ ማስታወሻዎች» የሚል ጽሑፍ አለ። ራሴን መጠርጠር ያቆምኩት እዚያ ላይ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ገበያው ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ያደጉት ፎቅ ላይ ነው ሲሉ ስለሰማሁ ምናልባት የነገረዎት ሰው ከሌለ ልንገርዎት። በየግቢያችን ጥግ በምሰሶ ላይ የቆመች ትንሽ ቤት አለች። በውስጧ የቦታው ጠባቂ የሆኑ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት በእንጨት ተቀርጸው ይቀመጣሉ። በየማለዳው ቀይ ለስላሳና አበባ ይቀርብላቸዋል። ቤቷ ስትሰነጠቅ አትጣልም፤ ወደ ዋርካው ሥር ትወሰዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካትም። ሌባ እንኳ አይነካትም። የቤተ መቅደሱን የምጽዋት ሣጥን ገልብጦ የሄደው ጎረምሳ በዋርካው ሥር ሲያልፍ አንዲት ጭራሮ አላነሳም። እኔ በበኩሌ በእነዚህ ጠባቂዎች አላምንም። ሚስቴ ካንታ እስክትሞት ድረስ ተከራክረንበታል፤ አልተረታሁም። ይሁንና አለማመኔ የሰውን ነገር ለመሸጥ ፈቃድ የሚሰጠኝ አልመሰለኝም ነበር። ክፍልዎ ይህን ስላስተማረኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ሰፈሩ ሁሉ አያቴ የሚላት ያይ ፎንግካም የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ባለፈው ክረምት ጎርፉ የእሷን ጠባቂዎች ቤት ምሰሶ ሰነጠቀው። አዲስ ቤት ገዛች። ሥርዓቱን የሚያውቀው ሰው ሐሙስ ጠዋት መልካም ነው አላት፤ እስከዚያው አሮጌው ቤት ከነነዋሪዎቹ አንድ ሌሊት ከዋርካው ሥር ይደር፣ ጠዋት ጠባቂዎቹን ለምነን ወደ አዲሱ እናስገባቸዋለን አላት። ረቡዕ ማለዳ ወስዳ አስቀመጠቻቸው። ዘብ አላቆመችም፤ እዚያ ቦታ ዘብ ቆሞ አያውቅም። ሁለቱን የቀረጻቸው ባሏ ሙን ነው፤ ታሞ ከቤት በዋለበት ዓመት። ሽማግሌውን በራሱ አምሳል ሠራው፤ ግራ ጆሮው እንደ እሱ የታጠፈ ነው። ያይ ፎንግካም ከባሏ ፎቶግራፍ የላትም። ያለቻት ያቺ ጆሮ ናት።

ሦስተኛ፤ በዚያው ረቡዕ ረፋድ ላይ እንግዶችዎ መጡ። ፍሎሪስና ማሬከ የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከሆላንድ። ከኋላ ትልቅ ሻንጣ፣ ከፊት ትንሽ ሻንጣ ተሸክመው፣ ጭነቱ እንዳያዘነብል ተስተካክሎ የተጫነ የጋማ ከብት መስለው ደረሱ። አንደኛው መጎብኛ ላይ የፈረሰውን የከተማ በር ጀርባቸውን ሰጥተውት ፎቶ ተነስተዋል። ሁለተኛው ላይ ዝናብ በሌለበት ቀን የወረቀት ጃንጥላ ገዝተዋል። በሦስተኛው የእኛን ሰፈር ሰው ገዙ።

የአበባ ጉንጉን የምትሠራው ፓ ቾምሲ ከጓደኞቿ ጋር ዳስዋ ሥር ተቀምጣ አይታቸዋለች። እያለከለከች ወደ እኔ መጣች።

«ሉንግ፣ ፈረንጆቹ የያይ ፎንግካምን ሽማግሌ አነሱት። አሮጊቲቱንም ጨምረው።»

«ታዲያ ተቀምጣችሁ ታያላችሁ?»

«በምን ቋንቋ እንከልክል? ደግሞስ ከእጃቸው ማን ይቀበላቸዋል? እኔ ልጆች አሉኝ። እርስዎ ነዎት እንጂ የማያምኑት። ይሂዱና ይቀበሏቸው።»

«ዕድሜ ልኬን ስትሰድቡኝበት የኖራችሁት አለማመኔ ዛሬ ጠቀማችሁ?»

«ለዛሬ ይጥቀመን። ነገ መስደባችንን እንቀጥላለን።»

ብስክሌቴን ይዤ ስወጣ ሰዎቹ የሉም። በልቤ ጥሩ አሰብኩ፦ እንግዶቹን የላከው ክፍል የት እንዳረፉ ያውቃል፣ ስልክ ይደውልልኛል አልኩ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ የዋህነት ስለተገኘብኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቢሮዎ ገባሁ። ጸሐፊዎ ፀጉሩ የተተኮሰ ሸሚዝ የመሰለ ልጅ ነው።

«ሉንግ፣ ቅሬታ በድረ ገጽ ነው የምንቀበለው» አለኝ።

«ኃላፊው የሉም?»

«ስለ እንግዳ አቀባበል ሥልጠና እየሰጡ ነው።»

«እንግዶቹ እኮ እዚህ የእኛን ሰፈር እየዘረፉ ነው። ካርታችሁ ገበያ ብሏቸው። እዚያ ሻጭ የለም፣ ገበያም የለም።»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «ሻጭ የለም ነው የሚሉት? እንግዲህ ሻጭ እንዲገባ ሐሳብ ካለዎት እሱም በድረ ገጽ ነው።»

ከጀርባው ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ ነገር አይቼ ስለ እሱ ጠየቅሁት። መልሱን ለኋላ አቆየዋለሁ፤ በዚያች ሰዓት የምቸኩልበት ሌላ ጉዳይ ነበረኝ።

አራተኛው ነጥብ ቅሬታ አይደለም፤ እውነተኛ ምስጋና ነው። ካርታዎ አንድ ጥቅም አለው፤ የያዘው ሰው ከእርስዎ ቁጥር አይወጣም። ዓለምን በነጻነት ሊያዩ አገራቸውን ጥለው የወጡ ሁለት ጎልማሶች፣ ከተማችን ውስጥ እንደ ሐዲድ ላይ ባቡር ነው የሚሄዱት። ስለዚህ አንድ ቅጂ ከቢሮዎ አንስቼ ቁጥሩን ተከተልኩ። ብር አንጥረኞቹ ጋ ደረስኩ፤ አልፈዋል። ቤተ መቅደሱ ጋ በር ጠባቂውን ጠየቅሁት።

«አይቻቸዋለሁ» አለ። «ሴትዮዋ ጉልበቷ ተራቁቶ ስለመጣች ሽርጥ አስታጥቄ ነው ያስገባኋት። ሰውዬው ያን የፊት ቦርሳ አቅፎ ነው የዞረው። ሕፃን የያዘ መስሎኝ ዝቅ ብዬ አየሁት።»

ልብስ ተራ ስደርስ ላብ ሸሚዜን ከጀርባዬ ጋር አጣብቆታል። ሻጯ ታውቀኛለች፤ ብስክሌቷን የምጠግን እኔ ነኝ።

«ዝሆን የታተመበት ሱሪ ሁለት ገዙኝ» አለች። «ይለብሱታል ስል፣ የሆነ እንጨት ጠቀለሉበት። ዘመድዎ ናቸው እንዴ ሉንግ፣ እንዲህ የሚያሯሩጡዎት?»

«የእኔ አይደሉም። የአቶ ዎራቾት ናቸው።»

«ይድረሱባቸው እንግዲህ። የማታውን የባንኮክ ባቡር እንሳፈራለን ብለዋል።»

ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሾርባ ቤት አግዳሚ ላይ አገኘኋቸው። ሻንጣዎቻቸው እንደ ጥጋበኛ ከብት አጠገባቸው ተጋድመዋል። ሰላምታ አልሰጠሁም፤ ሰላምታ ቢኖረኝም ያን ቀን ለእነሱ አላወጣውም ነበር።

«ሦስተኛው ላይ ምን አነሳችሁ?» አልኩ በሬዲዮ ቋንቋዬ።

«ሽማግሌዎቹን?» አለች ማሬከ። «ገዝተናቸው እኮ ነው። ሻጩ ጠፋ። ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ በመጨረሻ ገንዘቡን ድንጋይ ሥር አስቀመጥነው። አንሷል እንዴ? እንጨምራለን።»

«የሚሸጡ አይደሉም።»

ፍሎሪስ ካርታውን ዘረጋልኝ። «እዚህ ጋ ገበያ ይላል እኮ አባባ።»

«ይላል።»

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

ሬዲዮው ስለ ጠባቂ መንፈስ አስተምሮኝ አያውቅም። ስለዚህ የማውቀውን ተናገርኩ። «ሽማግሌው የጎረቤቴ ባል ነው። ሞቷል። በእጁ የቀረጸው ራሱን ነው። ነገ ጠዋት አዲስ ቤት ይገባል፤ ሚስቱ እየጠበቀችው ነው። ካላመናችሁኝ ጆሮውን እዩ።»

ማሬከ ሽማግሌው የተጠቀለለበትን ሱሪ ፈታችና ጆሮውን አየችው። ሾርባዋን ገፋችው። ባቡሩ ገብቶ ቆሟል። እጄን ስዘረጋ አልሰጠችኝም።

«ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ልመልሰው።»

«ማሬከ፣ ባቡሩ» አለ ፍሎሪስ።

«ነገም ባቡር አለ።»

«ትኬቱስ?»

«ፍሎሪስ፣ የሰው ባል ሱሪ ውስጥ ጠቅልለን ይዘናል።»

ሰውዬው የሁለቱንም ሻንጣ ተሸከመ። ክቡርነትዎ፣ እነዚህን ሰዎች እስከ መጨረሻው ለመናቅ ቆርጬ ነበር የተነሳሁት። በዚያች ደቂቃ ንቀቴን ከሁለቱ ላይ አንስቼ የት እንደማስቀምጠው ቸገረኝ። ብዙም ሳልርቅ ተገቢውን ቦታ አገኘሁለት።

ሰፈር ስንደርስ ያይ ፎንግካም መጥፋታቸውን ከሰማች ጀምሮ እህል ሳትቀምስ ከዋርካው ሥር ተቀምጣለች። ሴቶቹ ከብበዋታል። ማሬከ ማንም ሳያዛት ተንበረከከችና ሁለቱን ወደ ነበሩበት መለሰቻቸው። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን ትላለች ኢንካም?» አለችኝ ያይ ፎንግካም።

«ይቅርታ ትላለች።»

«እኔን ምን አደረገችኝ? ለእሱ ትንገረው።»

ነገርኳት። ማሬከ ጎንበስ ብላ ወደታጠፈው ጆሮ ስትጠጋ ያይ ፎንግካም የራሷን ጭን መታች። «በዚያኛው በላት፣ በዚያኛው። በዚህኛው ድሮም አይሰማም ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። ያይ ፎንግካም በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ጠየቀች። እንግዶችዎ እኔ ቤት ወለል ላይ አደሩ። ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ወደ አዲሱ ቤታቸው ሲገቡ ፍሎሪስ የለስላሳውን ጠርሙስ ከፍቶ መምጠጫውን ወደ ሽማግሌው አፍ አዙሮ አስቀመጠ። ማንም አላሳየውም፤ ሰው እንዴት እንደሚጠጣ አስቦ ነው። እርስዎ ከነሥልጠናዎ ያልደረሱበትን ነገር ባቡር ያመለጠው ሰው በአንድ ሌሊት ደረሰበት።

አምስተኛውን ነጥብ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ስለ ደመወዝዎ ነበር።

ስድስተኛ፤ ከሐሙስ ወዲህም ካርታዎን የያዙ ሰዎች መምጣታቸው አልቆመም። ትናንት አንዱ ፓ ቾምሲን የዋርካውን ግንድ እየደባበሰ ዋጋ ጠይቋታል። ሌላዋ ከአንዲት የጠባቂዎች ቤት ደጃፍ ትንሽ የእንጨት ዝሆን ይዛ ሄዳለች፤ እኔም በየቀኑ ባቡር ጣቢያ ድረስ የምሮጥበት ጉልበት የለኝም። ሦስተኛውን መጎብኛ ከካርታው እንዲያወጡልን እጠይቃለሁ። ይህ ትሕትና የተሞላበት ልመና አይደለም፤ ልመና እንዲመስል የደከምኩበት ነገር ነው። እምቢ ካሉ የእርስዎን መኖሪያ ቤት ሰባተኛ መጎብኛ አድርጌ በእጄ እጽፍና ያንን ካርታ እኔም በነጻ አድላለሁ። ከሥሩ «ያልተለመዱ ማስታወሻዎች፤ ሻጭ ካጡ ገንዘቡን ድንጋይ ሥር ያኑሩ» እላለሁ።

በነገራችን ላይ ማሬከ ያኖረችው ገንዘብ አሁንም ከድንጋዩ ሥር ነው። እንመልስልሽ ብንላት እምቢ አለች፤ እኛም አንነካውም። ገበያው እስከዛሬ ያስገባው ገቢ ይኸው ብቻ ስለሆነ ክፍልዎ ድርሻውን ከፈለገ በድረ ገጽ መጥቶ ይውሰድ።

ሥልጠናዎ እንዲሰምር፣ ካርታዎ እንዲያጥር፣ ጸሐፊዎ ሸሚዙ ሳይጨማደድ እንዲያረጅ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ በስተቀር ከከተማችን ምንም እንዳይጎድልብን በመጸለይ፣ ሊረሱኝ ቢሞክሩም የማልረሳዎት

ኢንካም፣ ብስክሌት ጠጋኝ
ከሦስተኛው መጎብኛ

ማሳሰቢያ፤ ከጸሐፊዎ ጀርባ ያለው መደርደሪያ ላይ፣ የስም ካርድዎን ያስደገፉባቸውን ሽማግሌና አሮጊት አይቻቸዋለሁ። ልጁን ከየት መጡ ብዬ ብጠይቀው፣ «ኃላፊው ካርታውን ሲያዘጋጁ ከዋርካው ሥር ያመጧቸው ናቸው፣ ቢሮውን አሳመሩት» አለኝ። እኔ እንደነገርኩዎ አላምንም። የሰፈራችን ሴቶች ግን እነዚያ ሁለቱ ከየትኛው ቤት እንደወጡ፣ ያ ቤተሰብም ለምን እንዳወጣቸው ያውቃሉ። ነግረውኛል፤ ለእርስዎ እንዳልነግር ደግሞ አስምለውኛል። የተፈቀደልኝ ይህን ብቻ መናገር ነው፦ የሚመልሳቸው ያነሳቸው ሰው ነው፣ በገዛ እጁ። ቦታቸውን ጠርገን ባዶ ትተንላቸዋል። እስከዚያው ግን፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው?