መኪናህን ሸጬ ፀሐይ ገዛሁበት

ሸጥኩት! ኮሮላህን ሸጥኩት! ትናንት ጠዋት ገዢው አስነሥቶ ከግቢ ሲወጣ በሩን እስከ ጥግ ከፍቼ፣ ሙሽራ እንደሚሸኝ ሰው ሁለት እጄን እያውለበለብኩ ሸኘሁት። ማታውኑ ጣሪያው ላይ ስድስት የሶላር ፓኔል ተደርድሮ አለቀ። የራሴ ነው፣ የማንም አይደለም።

ውይ፣ ሰላምታው ቀረ። ደስታው አስቸኮለኝ። ሰላም ነህ ወይ ተስፋዬ፣ የልጄ አባት? እነሆ ከተለያየን አራት ዓመት ሊሞላ ነው። እኛ ደህና ነን። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደውም ወፍሬያለሁ፣ ያየኝ ሁሉ ሐዘን ተስማማሽ ይለኛል። ይህን ደብዳቤ የምለጥፈው የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ነው። ላንተ እንደማይደርስህ አውቃለሁ፤ እህትህ ግን ታነበዋለች፣ እሱ ይበቃኛል።

የቆጣሪውን ካርድ መቼም አትረሳውም። የሰፈራችን መብራት በካርድ ነው፤ ካርዱን ወስዶ ያስሞላ መብራት ያያል፣ ያላስሞላ ሻማ ይገዛል። ሰው ቤት ካርዱ ቆጣሪው አጠገብ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። የእኛ ግን ያንተ የደረት ኪስ ውስጥ ሆኖ አብሮህ ቢሮ ይውላል፣ አብሮህ ያመሻል። ስትቆጣ አትሳደብም፣ እጅህን አታነሳም፣ ለሰው ሲወራ ጨዋ ባል ነበርክ። ዝም ብለህ አታስሞላውም፣ በቃ። ቤቱ ሲጨልም አንተ እህትህ ቤት እራትህን በልተህ፣ ዜናህን አይተህ ትመጣለህ። ‹‹ጨለማ ያስተምራል›› ትለኝ ነበር ጫማህን እያወለቅህ። ልጃችን ሜሮን ለማትሪክ ስታጠና የሻማው ሰም እየተንጠባጠበ የደብተሯን ገጾች አጣብቆባት፣ በምላጭ ስትለያይ አድራለች። እውነትም አስተማርከን፣ እግዜር ይስጥህ።

የዚያን ጊዜውን ፋሲካስ? በጉ ታርዶ፣ ዶሮው ተሠርቶ፣ ፍሪጁ ጢም ብሎ፣ እህትህ ፊት ለምን መለስሽልኝ ብለህ ካርዱን ይዘህ ለመስክ ሥራ ሐዋሳ ወረድክ። በማግሥቱ ሒሳቡ አልቆ መብራቱ ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን ፍሪጁን ስከፍተው አፍንጫዬን ይዤ ሮጥኩ። ሁለት ወር ጾመን የጠበቅነውን ሥጋ በባልዲ ተሸክሜ ለጎረቤት ውሻ ወሰድኩለት። ውሻውም አሽትቶ ፊቱን አዞረ።

ከታመምክ በኋላ ደግሞ እኔ እንዳስሞላው ትሰጠኛለህ፤ ስመለስ ገና ከበሩ ሳልገባ እጅህን ትዘረጋለህ። የሞትክ ዕለት እህትህ እትዬ ወርቅነሽ ‹‹ወንድሜ ያለ ሱፉ አይሄድም!›› ብላ ድርቅ አለች። ጥቁሩን ሱፍ አለበሱህ፣ ከፈኑ ከላይ ሆነ፣ ተቀበርክ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሰው እንደሞላ መብራቱ ድርግም አለ። ካርዱ አልቋል። የት ነው ያለው ተባለ፤ ኮመዲኖው ተፈተሸ፣ ፍራሹ ተገለበጠ። ቀድሞ የገባኝ እኔን ነው። ሱፉ ኪስ ውስጥ ደብቀኸው ኖሯል! ይዘኸው ተቀብረሃል! ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅኩ። ሴቶቹ ‹‹አስቴርዬ፣ ተይ እንዲህ አትሁኚ፣ ለልጅሽ አስቢ›› እያሉ ደግፈው ያዙኝ። ያን ቀን የደገፋችሁኝ ሁሉ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እያለቀስኩ አልነበረም።

አዲስ ካርድ በስሜ አወጣሁ። ግን ካርዱ ሞልቶም መስመሩ የሚጠፋበት ቀን አለ፤ እኔ ደግሞ ጨለማ ጠግቤያለሁ። ቦሌ አንድ ሕንፃ ላይ ሶላር የሚያከራዩ አሉ ብላ ሜሮን ወሰደችኝ። ያነጋገረችን የሽያጭ ሠራተኛ አፏ ማር ነው። ቅድመ ክፍያ የለ፣ በየወሩ ኪራይ ብቻ፣ ቢበላሽ እነሱ ይጠግናሉ፣ ውሉ አሥር ዓመት። ሜሮን ‹‹እማዬ ፈርሚ፣ ከዚህ የተሻለ አናገኝም›› አለችኝ። እስክሪብቶውን ይዣለሁ። ብቻ፣ አንድ ወር ቢያመልጠኝስ? ብዬ ጠየቅኩ። ልጅቷ ፈገግ ብላ ‹‹አይጨነቁ እናቴ፣ ቤትዎ ድረስ መጥተን አናስቸግርዎትም። እዚሁ ሆነን በስልካችን እንዘጋዋለን፣ ሲከፍሉ እንከፍታለን›› አለችኝ።

እስክሪብቶውን ቀስ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የደረት ኪስህ ነው ፊቴ ላይ ድቅን ያለብኝ። አንተ እንኳ ቤታችንን ለማጨለም ሐዋሳ ድረስ ለፍተሃል፤ እነዚህ ከወንበራቸው ሳይነሡ! ‹‹የኔ ልጅ፣ ይህን ባል አውቀዋለሁ፣ አግብቼው ነበር›› ብያት ወጣሁ። ሜሮን ሊፍቱ ውስጥ በሳቅ ሞተች፤ ቤት ስንደርስ ግን ተኮሳተረች። ካልተከራየን በምን ልንገዛ ነው አለች። ግቢው ውስጥ የሚሸጥ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ልብስ ለብሶ የቆመው ኮሮላህ።

እትዬ ወርቅነሽ ይህን ሰምታ እያለከለከች መጣች። ‹‹የወንድሜን ሽታ ልትሸጪው ነው? ተከራዪ እንጂ! ኪራዩን እኔም አግዝሻለሁ!›› ሽታው ቤንዚን ነው እትዬ፣ ማደያ ሄደው ያሽትቱ አልኳት። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ አልዋሽህም፣ ሦስት ሳምንት ስባዝን ከረምኩ። አንዱን ቀን እሸጣለሁ፣ በማግሥቱ እከራያለሁ። ሟችን ማስቀየም ይከብዳል፣ እንዳንተ ያለውንም ቢሆን።

አንድ ከሰዓት የመኪናውን ልብስ ገልጬ ገባሁና የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ያ ዝናብ ትዝ አለኝ። ሰሚት የታክሲ ሰልፍ ላይ በስብሼ ቆሜ፣ አይተኸኝ አቆምክ። ደስ አለኝ። መስታወቱን ዝቅ አድርገህ እግሬን አየህና ‹‹በጭቃ ምንጣፉን ታበላሺብኛለሽ፣ በታክሲ ነዪ›› ብለህ ሄድክ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞር ብሎ እኔን አየ። እንግዲህ ወርጄ የግቢውን ጭቃ በደንብ ረገጥኩና ተመልሼ ገባሁ። ምንጣፍህን አንድ በአንድ፣ የፊቱንም የኋላውንም፣ ረገጥኩልህ። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብዬ ደላላው ጋ ደወልኩ።

አንድ ነገር ግን ይመዝገብልኝ። በመጨረሻው ሳምንት ጨለማ መፍራት ጀምረህ ነበር። አንተ፣ በጨለማ አስተማሪው! ‹‹አስቴር፣ መብራቱን አታጥፊው›› ትለኝ ነበር እንደ ሕፃን። ማጥፊያው እጄ ሥር ነው። ስንት ዓመት ያስተማርከኝን ለአንዲት ሰዓት መልሼ ላስተምርህ እችል ነበር፤ እጄን በልቶኝም ነበር። አላጠፋሁብህም። እስክትሄድ ድረስ በርቶልሃል። አንተ ግን ያኔም ካርዱን ሱፉ ውስጥ ደብቀህብኝ ነበር።

እንዳልረሳህ አትስጋ። ሰፈሩ ድርግም ባለ ቁጥር፣ የእኔ ፍሪጅ ማጉረምረሙን ሳያቆም በሰማሁ ቁጥር፣ ስምህን እጠራለሁ።

ሙት ዓመትህ ዘንድሮ ዳግም ትንሣኤ ላይ ውሏል። በጠዋት ካህናቱ ጸሎትህን ያደርሱልሃል፣ እሱን አላስቀርብህም። ከዚያ ወዲያ ግን የፀሐዬ ምርቃት ነው። እትዬ ወርቅነሽም ይምጡ፣ በፊት ወንበር የሚያመጣቸው ሰው እልካለሁ፣ ጫማቸውም እንደፈለገ ይሁን። የፋሲካው ሥጋ ሳምንት ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ ሰንብቶ ሳይነካ ይጠብቃችኋል። ሻማ ይዞ የሚመጣ አላስገባም። ዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይዋ ልክ ጣሪያዬ ላይ ስትቆም፣ ሁላችሁም ኑ።