የሸምሱና የገብረወልድ ውል

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ ለአባባ ሸረፋ፣

አሰላሙ አለይኩም። ክረምቱን እንዴት አለፉት? ብርድ ሲነካው የሚነሳብዎ ጉልበትዎስ? የእማዬ ዓይን ተሻላት ወይ? ከብቱ፣ እንሰቱ፣ በርበሬው ሁሉ ደህና ነው? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ አካላችን ደህና ነው። ልባችን ግን ደህና አይደለም፤ ስለዚህ እባክዎ ሳይቆጡ እስከ መጨረሻው ያስነብቡት።

እንደሚያውቁት ማታ ማታ ቦሌ ባለ ኮሌጅ ንግድ እማራለሁ። በክረምቱ የንግድ ሕግ የሚባል ትምህርት ወሰድን። አባባ፣ ሱቅ ውስጥ ያደግሁት ልጅ ንግድ የማላውቅ ሆኜ ተገኘሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ነጋዴ ማለት ማን ነው ተባለ። ገበሬ ያመረተውን ቢሸጥ በሕግ ነጋዴ አይባልም አሉን መምህራችን አቶ ጸጋይ። እንግዲህ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ቡታጅራ ገበያ ላይ በበርበሬ ዋጋ የሰው ልብ ሲያደርቁ ኖረው፣ ነጋዴ አይደሉም። ወንድሜ ሸምሱ ይህን ስነግረው ከሳቁ የተነሳ የሱቁን መሰላል ተደግፎ ቆመ።

ቀጥሎ ስለ ሽርክና ተማርን። ሸሪኮች መዋጮ ያዋጣሉ፣ ትርፍም ኪሳራም ይካፈላሉ፤ ስምምነታቸው ግን በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ካልተጻፈ ሕጉ አያውቃቸውም ተባለ። እኔ ደነገጥሁ። ሸምሱና ጋሼ ገብረወልድ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ላይ ያንን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ በመሀላቸው አንዲት መስመር ተጽፋ አታውቅም። እርስዎና የጋሼ ገብረወልድ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ግቢያችን ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ መርቃችሁ የላካችኋቸው ናቸው። ውላቸው ያ ምርቃት ነው።

አቶ ጸጋይ የሽርክና ውል አርቅቃችሁ አምጡ ሲሉን እኔ በሁለቱ ስም አረቀቅሁ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። እዚያው ቢቀር ምን ነበረበት! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነና ሱቅ ይዤው ሄጄ ፈርሙበት፣ ለእናንተው ደህንነት ነው አልኳቸው። አባባ፣ እኛ ዘንድ ሁለት ሰው ወረቀት የሚጻጻፈው ሊለያይ ሲል መሆኑን እንዴት ዘነጋሁት? ጋሼ ገብረወልድ ወደ ጥግ ወሰደኝና ሸምሱ ነው ወይ ያስጻፈህ አለኝ። ሸምሱ ደግሞ ለብቻዬ ጠብቆ ገብረወልድ ነው ወይ የላከህ አለኝ። እርስ በርሳቸው ግን አልተጠያየቁም። እምቢ ያለው ሌላውን የጠረጠረ እንዳይመስል ፈርተው ሁለቱም ፈረሙ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን እኔም አልገባኝም። ምሳ የሚበሉት ከአንድ ሳህን ነበር፤ የአንዱን ሥጋ ሌላው ስለማይበላ ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ነው የሚያዙት። ሰው ሲስቅባቸው ሽሮ ሃይማኖት የለውም ይሉ ነበር። አሁን አንዱ እስላም ቤት፣ አንዱ ክርስቲያን ቤት ሄዶ ጥብሱን በልቶ ይመጣል። ሁለቱም ያልበላ ሰው ይመስላሉ።

በሕጉ ከሄድን ገና አሁን ሸሪኮች ሆኑ። እኔ እንደማየው ግን ገና አሁን ተለያዩ። ልቅደደው እላለሁ፤ ብቀደው ሕጉ የሚያውቀው ነገር አይኖራቸውም። ብተወው የእናንተ ምርቃት ከንቱ ይቀራል። አቶ ጸጋይን ባማክራቸው ውሉ እንከን የለበትም አሉኝ። እንከን እንደሌለበት እኔም አላጣሁትም። ጭንቅላቴ ዞሯል።

የባሰው ደግሞ ይኸውልዎ። ከመማሪያው ገልብጬ ያስገባሁት አንድ አንቀጽ አለ፤ አንዱ ሸሪክ ያለ ሌላው የጽሑፍ ፈቃድ ከሥራው አይለይም ይላል። ለመስቀል ጋሼ ገብረወልድ አገር ሲገባ ሸምሱ ሱቁን ይጠብቃል፣ ለአረፋ ሸምሱ ሲመጣ እሱ ይጠብቃል፤ ይህን እርስዎም ያውቁታል። ዘንድሮ ጋሼ ገብረወልድ ፈቃድ ስላልተጻፈልኝ አልሄድም ብሎ ተቀምጧል። ሸምሱም ለገብረወልድ ፈቃድ የምጽፍ እኔ ማን ነኝ፣ አለቃው ነኝ ወይ ይላል፤ ተቆጥቶ ሳይሆን አፍሮ ነው። እኔንም የተማረ ይግደለኝ ሲባል እሰማ ነበር፣ ይኸው ገደልከን አለኝ። ፈቃዱን በሸምሱ ስም እኔው ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ያ ደግሞ ወንጀል ነው ተብለናል።

ትናንት ጋሼ ገብረወልድን ለብቻው አግኝቼ፣ እናቱ ደመራውን ያለ እሱ እንዳያዩ፣ ተነሥቶ እንዲሄድ ለመንኩት። በልጅነቴ እንቅልፍ ሲጥለኝ ከአውቶቡስ ተራ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣኝ ሰው፣ ሚስማር ሲመዝንበት የነበረውን እጁን አራገፈና «አቶ ሀይደር፣ ውሉ አይፈቅድልኝም» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ከጓሮ ቆርቆሮው መሀል ገብቼ አለቀስኩ።

አባባ፣ ከእርስዎ በቀር ሁለቱን በአንድ ቃል የሚያዝ የለም። ወደዚህ በሚመጣ ሰው ቃል ይላኩልኝ፤ ሱቁን ቆልፋችሁ ሁለታችሁም ለመስቀል ኑ ይበሏቸው። ወረቀቱ መቀደድ ካለበት እርስዎ ፊት ይቅደዱት፤ መቆየት ካለበትም እርስዎ ይመርቁት። ሕጉ ስለዚህ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እዚያ ሳንደርስ ትምህርቱ አለቀ።

የእማዬን ጉንጭ ይሳሙልኝ። እህቴ ሀቢባ አራስ ናትና ራሷን ትጠብቅ፣ ሕፃኑን ገና ሳላየው ወድጄዋለሁ ይበሏት። አጎቴ በዳሳ በቅሎዋን ሸጠ የሚባለው እውነት ከሆነ ተቀይሜዋለሁ፤ ሰላምታዬ ግን ይድረሰው። ለጎረቤታችን፣ ለጋሼ ገብረወልድ እናት ለእትዬ ዘርፌ፣ እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ። ልጅዎ ዘንድሮ አይመጣም የሚል ወሬ ቢደርሳቸው አይመኑት፣ ለእሱ ከሚያስቀምጡት ቅቤና ቆጮም ምንም አያጉድሉ። እኔ እንኳ መምጣቱን እርግጠኛ አይደለሁም፤ እሳቸው ግን ያስቀምጡለት።

ልጅዎ ሀይደር ሸረፋ
አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት ማዞሪያ
መስከረም 4 ቀን 1990 ዓ.ም.