ከፎቶው ዳር የቆመው አባታችን

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድምዓለም ያህያ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የጅዳ ሙቀትስ በረደላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። አባዬ ከዐሱር ሶላት እንደወጣ ከቀረ ወዲህ ቤታችን ቤት አይመስልም። በስልክ አባዬን ለማፈላለግ የሠራሁት ድረ ገጽ ምን ሆነ ስትለኝ ወሬ የቀየርኩብህ እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ነው። ነገሩ በተነሳ ቁጥር ታለቅሳለች።

እንደምታውቀው አባዬ ብቻውን የተነሳው ፎቶ የለንም። ያለን የባለፈው ዒድ ነው። ጎረቤታችን አባባ በቀለ እንግዳ ናቸውና መሀል ቆሙ፤ አባዬ እንደ ልማዱ መሀሉን ለእንግዳ ለቆ ግራ ዳር ቆመ። እኔም በጥድፊያ ያንኑ ፎቶ ከጽሑፉ ጀርባ አድርጌ፣ የአባዬን ፊት በቀይ ከበብኩት። አባታችን ጁማ ጠፍተውብናል፤ ስማቸውን ሊረሱ ስለሚችሉ በትሕትና ይዛችሁ አድርሱልን ብዬ ጻፍኩ። በሥራ ቦታዬ ሰፊ ኮምፒውተር ላይ ምንም አይወጣለትም ነበር። ሰው የሚያየው ግን በስልክ ነው። ፎቶው ስክሪኑን እንዲሞላ ስላዘዝኩት፣ በጠባቡ ስልክ ላይ ግራና ቀኙን ቆርጦ መሀሉን ብቻ አስቀረ። አባዬ ከነቀዩ ክብ ወጣ፤ አባባ በቀለ ቀሩ!

ይህን ያወቅኩት የመናኸሪያ ረዳቶች አባትሽ ተገኝተዋል ብለው ሲደውሉልኝ ነው። እማዬ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ወደ በር ሮጠች። ከባጃጁ የወረዱት አባባ በቀለ ናቸው። እኔ ጁማ አይደለሁም፣ በቀለ ነኝ ብለው ቢምሉም፣ ጽሑፌን ያነበቡት ልጆች እሺ አባባ፣ እሺ እያሉ ደግፈው አምጥተዋቸዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። እሳቸው ግን ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብለው፣ መሀል ቁም ብሎ እጄን የጎተተኝ እኮ እሱ ነው እያሉ አለቀሱ።

ከዚያ ስንት ነገር ሞከርኩ። ፎቶው ሙሉውን ይታይ ስለው፣ በስልክ ላይ በጣም አነሰና ፊቱ አልለይ አለ። ወደ ግራ ስስበው ጽሑፉ ዓይኑ ላይ ወጣበት። በመጨረሻ ከጀርባ አወጣሁት፤ አባዬን ብቻ ቆርጬ ከላይ፣ ጽሑፉን ከሥር አደረግኩ፤ ስፋቱም እንደየስልኩ እንዲሆን አዘዝኩ። አሁን በጓደኛዬ በሃዊ ስንጥቅጥቅ ስልክ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል።

ግን ያህያ፣ ጨነቀኝ። ድረ ገጹ ተሳስቶ ሳለ ስልኬ ዕረፍት አልነበረውም፤ አባባ በቀለን ያየ ሁሉ አየናቸው ይለኝ ነበር። የአባዬ ፊት ከታየ ወዲህ አንድም ሰው አልደወለም። ምናልባት ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ወሎ ተሳፍሮ ይሆናል፤ አብረውህ ያሉት የአገራችን ልጆች ፎቶውን ለየዘመዶቻቸው እንዲልኩት ለምንልኝ። እኔ ሌላ የማውቀው መላ የለም።

እማዬ በዱዓዋ እንዳልረሳችህ ንገሪው ብላኛለች። እኅታችን ላጢፋ ናፍቆትህ ገደለኝ ትላለች፤ ትንሿ ልጇ አማልም አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። አባባ በቀለ በየማለዳው መናኸሪያው በር ላይ እየቆሙ ይፈልጉታል፤ እሳቸውም ሰላም ብለውሃል። የአባዬን ሰላምታ ግን ከየት አምጥቼ ልጻፍልህ?

እኅትህ ተቅዋ ጁማ
አቃቂ በሰቃ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.